«የጻፍሁትን ጽፌአለሁ»፦ ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ የግሥ መልኮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተርጓሚዎች፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ? የዕረፍት ሰዓታችሁን ትታችሁ ስለ አንድ ግሥ ልትሰሙ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

ዛሬ ይዣችሁ የመጣሁት ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ነው። አንዱ «አይ ሎስት ማይ ኪይ» ይላል። ሌላው «አይ ሀቭ ሎስት ማይ ኪይ» ይላል። ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው። የጠፋበትም ያው ሰው ነው። ታዲያ ያቺ «ሀቭ» መሃል ገብታ ምን ትሠራለች?

ይህን ጥያቄ ባስተማርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ ጠይቄዋለሁ። ሁልጊዜ ከሁለቱ መልሶች አንዱን አገኛለሁ። የመጀመሪያው፣ «አንደኛው ሲምፕል ፓስት፣ ሁለተኛው ፕረዘንት ፐርፌክት ነው» የሚል ነው። ስሙን ነገራችሁኝ፤ ትርጉሙስ? ሁለተኛው መልስ፣ «አንዱ የሩቅ፣ አንዱ የቅርብ ነው» የሚል ነው። ይኸኛው ደግሞ ስሕተት ነው። ብዙ ሰው ተምሮት የኖረው ስሕተት ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

አካሄዴን ላስታውቃችሁ። በመጀመሪያ ልዩነቱ ምን እንደሆነ እንነጋገራለን። ቀጥሎ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሰናከልባቸውን ቦታዎች አሳያችኋለሁ። ዋናው ጉዳዬ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ብዙ የምቆየውም እዚያ ላይ ነው።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው። የሰዋስው መጻሕፍታችን «መጥቷል»ን የቅርብ ኀላፊ፣ «መጥቶ ነበር»ን የሩቅ ኀላፊ ይሏቸዋል። ተማሪው ይህን ስያሜ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገርና «ሀቭ» ያለበት ሁሉ ቅርብ ጊዜ የተደረገ፣ «ሀቭ» የሌለበት ሁሉ የቆየ ይመስለዋል። እስቲ እንፈትነው። አንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ በፊት ቁልፉ ጠፍቶበት ሲፈልግ ቆይቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘው። ይህን ለጓደኛው ሲያወራ «አይ ሎስት ማይ ኪይ» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ሰው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የሣጥን ቁልፍ ጠፍቶበታል፤ ሣጥኑ እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው። «ክፈተውና እንየው» ሲሉት ምን ብሎ ይመልሳል? «አይ ሀቭ ሎስት ዘ ኪይ»! የአምስት ደቂቃው ያለ «ሀቭ»፣ የሦስት ዓመቱ ከነ «ሀቭ»። እዚህ ላይ መቅረብና መራቅ ምን አገባው?

ምንም አያገባውም። የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ያ ያለፈ ነገር ዛሬን ይዞታል ወይስ ለቆታል የሚል ነው። «ሎስት» ብቻውን ሲቆም ይተርካል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነ ይላል፤ ሰሚውም ቀጥሎ የሆነውን ይጠብቃል። «ሀቭ ሎስት» ግን የሚናገረው ስለ አሁን ነው። ቁልፍ የለኝም፤ በሩ አይከፈትም፤ ውጭ ቆሜያለሁ። ስሙስ ቢሆን «ፕረዘንት» አይደል የሚለው? ፕረዘንት፣ አሁን! ገና ከስሙ ተነግሮናል፤ እኛ ነን አልፈነው የምንሄደው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን «ንስር» በተባለችው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ አረፉ። አርምስትሮንግ የበረራው መቆጣጠሪያ ወዳለበት ወደ ሂዩስተን ከተማ ያስተላለፈው ቃል «ዚ ኢግል ሀዝ ላንድድ» የሚል ነበር። ንስር አርፋለች። «ሀዝ» ያቺው «ሀቭ» ናት፤ ለእሱና ለእሷ ስትሆን መልኳን ትቀይራለች። ለምን «ላንድድ» ብቻ አላለም? እስቲ አስቡት። ሂዩስተን ላይ ትንፋሻቸውን ውጠው ለሚጠብቁት ሰዎች ታሪክ እየተረከላቸው አልነበረም። ያሉበትን ነው የነገራቸው፤ ጨረቃ ላይ ነን፤ መንኮራኩሯ ቆማለች፤ ደኅና ነን። ዛሬ የታሪክ መጽሐፍ ያንኑ ድርጊት ሲጽፍ «ላንድድ ኢን 1969» ይላል። እዚያ ላይ «ሀዝ» አይገባም። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ግን ሌላ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ሀቭ» ብቻውን ሲሆን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ምን እንላለን? «አለኝ» እንላለን። «አይ ሀቭ ኤ ቡክ»፣ መጽሐፍ አለኝ። ይህ «ሀቭ» ከዚያኛው ጋር ስሙ ብቻ የተገጣጠመ እንዳይመስላችሁ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አባባሉ የተጀመረው ከዚሁ ከ«አለኝ» ነው። ደብዳቤውን ጻፍኩ ከማለት ይልቅ፣ ደብዳቤው ተጽፎ አለኝ እንደ ማለት ነበር። ከጊዜ ብዛት የባለቤትነቱ ትርጉም ሟሸሸ፤ የ«አሁን»ነቱ ትርጉም ግን ቀረ።

በሉ አሁን ደግሞ ወደ አፋችሁ ተመለሱ። «ጽፌአለሁ» የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ ክፈሉት። ምን ወጣ? «ጽፌ» እና «አለሁ»። «መጥተሻል»ስ? «መጥተሽ» እና «አለሽ»። «ጠፍቷል»? «ጠፍቶ» እና «አለ»። ያ «አለ» የአሁን ግሥ ነው! ያለፈውን ድርጊት አምጥተን ከ«አለ» ጋር አሰርነው። እንግሊዝኛው በ«ሀቭ» ያሰረውን እኛ በ«አለ» አሰርነው። ይህን ያወቅኩ ቀን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ብዙ ቆየሁ። ስንት ዓመት እንደ ባዕድ ነገር ሳስተምረው የኖርኩት ለካ ልጅ ሆኜ አፌን የፈታሁበት ኖሯል።

አንድ ጥሩ ማስረጃ ልስጣችሁ። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ቁጥር 6 ላይ መልአኩ ለሴቶቹ ሲናገር «ተነሥቶአልና በዚህ የለም» ይላል። «ተነሥቶአል»፤ ወዲያው ደግሞ «የለም»። አንዱ ሌላውን ይዞ መጣ። መነሣቱ ያለፈ ነው፤ መቃብሩ ግን አሁን ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እዚህ ቦታ ላይ «ሂ ኢዝ ሪዝን» ይላል። በዚያ ዘመን እንደ መሄድ፣ እንደ መምጣትና እንደ መነሣት ያሉ ግሦች ከ«ሀቭ» ይልቅ «ኢዝ»ን ይወስዱ ነበርና። ዛሬም «ሂ ኢዝ ጎን» ሲባል የምትሰሙት የዚያ ቅሪት ነው።

ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ አንድ ገጠመኜን ልንገራችሁ። ወጣት እያለሁ ለአንድ ሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ የምሠራበት ቦታ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። «አይ ወርክድ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» ብዬ ጻፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር? «ለምን ለቀቅህ?» እኔ አልለቀቅኩም! በማግሥቱ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ግን «ወርክድ» ስል በሩን ዘግቼ ወጥቻለሁ። «ሀቭ ወርክድ» ማለት ነበረብኝ። ጠያቂዬ የጻፍኩትን በትክክል ነው ያነበበው። «አይ አም ወርኪንግ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» የሚሉም አሉ፤ «ስድስት ዓመት እየሠራሁ ነው» ከሚለው አማርኛ በቀጥታ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ግን ስድስቱን ዓመትና ዛሬን አንድ ላይ ለመያዝ የግድ «ሀቭ»ን ይፈልጋል።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። ልዩነቱ አማርኛ ውስጥ ካለ፣ በ«አለ» ታስሮ አፋችን ውስጥ ከተቀመጠ፣ ለምን እንሳሳታለን? ለምን? ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይሄዱና ጥቂት ቦታዎች ላይ መንገድ ይለያያሉ። የምንወድቀው እነዚያ መገንጠያዎች ላይ ነው። ሦስቱን አሳያችኋለሁ።

የመጀመሪያው መገንጠያ የጊዜ ቃል ነው። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል የሚያርመን የለም። እንግሊዝኛ ግን «አይ ሀቭ ሲን ሂም የስተርደይ» አይልም። ትናንት ያለቀ ቀን ነው፤ «ሀቭ» ደግሞ አሁንን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይገጥሙም። «የስተርደይ» ካላችሁ «ሶው» በሉ። እንዲያውም «አይ ሀቭ ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከረፋዱ ላይ ትክክል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጠዋቱ ስላለቀ «አይ ሶው ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ይሆናል። ሰዓቱ ግሡን ቀየረው!

ለ«መቼ» ጥያቄም ሕጉ ያው ነው። «ዌን ሀቭ ዩ አራይቭድ?» ብሎ ነገር የለም፤ «ዌን ዲድ ዩ አራይቭ?» ነው። ይህን እንኳ ጆሯችሁ ያውቀዋል። በአማርኛ «መቼ ደረስክ?» እንላለን እንጂ «መቼ ደርሰሃል?» ብንል ይጎረብጣል። እንግዲህ ለዚህኛው ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም፤ ጆሯችሁን እመኑት።

በዚህ አጋጣሚ፣ የአሜሪካ ሰዎች «አይ ኦልሬዲ ሶው ኢት» ሲሉ ሰምታችሁ ግራ ገብቷችሁ ይሆናል። እንግሊዞች በብዛት «አይቭ ኦልሬዲ ሲን ኢት» የሚሉትን አሜሪካውያን ያለ «ሀቭ» ቢሉት በአገራቸው ስሕተት አይደለም። «የስተርደይ»ን ከ«ሀቭ» ጋር ግን ሁለቱም አያጣምሩም።

ሁለተኛው መገንጠያ ትኩስ ድርጊት ነው። ኳስ መረብ ሲነካ ምን ብለን እንጮሃለን? «ገባ! ገባ!» «ገብቷል» ብሎ የሚዘል ደጋፊ አይታችኋል? የምንጠብቀው አውቶቡስ ብቅ ሲል «መጣ!» እንላለን፤ ገና ሳይደርስ። ስልክ ተደውሎልን «የት ደረስክ?» ስንባል «መጣሁ፣ መጣሁ» የምንለው ጫማችንን እያሰርን ነው። በአማርኛ ባዶው ኀላፊ ለትኩስ ነገር፣ ለሚሆነውና ሊሆን ላለው ሁሉ ያገለግላል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አይከተለንም። ለ«ገባ!» «ሂ ሀዝ ስኮርድ!» ይላል። ለ«መጣሁ» ደግሞ «አይ አም ካሚንግ» ይላል። «አይ ኬም» ብትሉት መጥታችሁ የተመለሳችሁ ይመስለዋል። ስለዚህ «ጠፋብኝ!» ብላችሁ ደንግጣችሁ ስትናገሩ፣ አማርኛችሁ «ጠፋ» ስላለ ብቻ «ሎስት» አትበሉ። ቁልፉ አሁንም የለም፤ «ሀቭ ሎስት» ነው።

ሦስተኛውን መገንጠያ በደንብ አዳምጡኝ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የምንሳሳትበትን እንኳ አናውቅም።

እስቲ አብረን እንመልስ። የ«መጣ» አሉታ ምንድን ነው? «አልመጣም»። ጥሩ። የ«መጥቷል»ስ አሉታ? አስቡበት። «አልመጥቷልም» የሚል አማርኛ አለ? የለም! እሱም «አልመጣም» ነው። በአዎንታ ሁለት የነበሩት በአሉታ አንድ ሆኑ። ይኸው ነው የችግሩ ሥር! ልዩነቱን አማርኛ በአዎንታ ይሰጠንና በአሉታ ይወስድብናል። እንግሊዝኛ ግን በአሉታም ሁለት ነው፤ «ሂ ዲደንት ካም» እና «ሂ ሀዝንት ካም»። እኛ በአንድ «አልመጣም» ሁለቱንም ስለምንል፣ ስንተረጉም ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣልንን እንወረውራለን። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው «ዲደንት» ነው።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በራሴ አይቻለሁ። በስልክ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ የምትናገር ነርስ፣ በሌላ በኩል የታመመች ልጅ እናት ነበሩ። ነርሷ ልጅቷ የቀትሩን ክኒን ወስዳ እንደሆነ ጠየቀች። እናትየው «አልወሰደችም» አሉ። እኔም ሳላመነታ «ሺ ዲደንት ቴክ ኢት» አልኩ። ነርሷ ዝም አለች፤ ስትጽፍ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿ ጠንከር ብሎ «ዲድ ሺ ሪፊዩዝ?» አለች፤ እምቢ አለች ወይ? ይህን ለእናትየው ስነግራቸው ደነገጡ። «ኧረ እምቢ አላለችም ልጄ! እንቅልፍ ወስዷት ነው እንጂ ትወስዳለች። እስክትነቃ እየጠበቅኩ ነው» አሉኝ።

ስሕተቴ የገባኝ ያኔ ነው። የእናትየው «አልወሰደችም» ውስጥ «ገና» ነበረች። አልተናገሯትም፤ ግን ነበረች። «ሺ ሀዝንት ቴከን ኢት» ማለት ነበረብኝ። «ዲደንት» ስል የመውሰጃው ሰዓት አለፈ፣ ነገሩ ተዘጋ አልኩ። «ሀዝንት» ብል ኖሮ ነገሩ ክፍት ነው፤ ትወስዳለች። ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ አረምኩት፤ ነርሷም የጻፈችውን አጠፋች። ግን ያቺ እናት ማብራሪያ ባይሰጡ ኖሮስ? በመዝገቡ ላይ መድኃኒት እምቢ ያለች ልጅ ሆና ትቀር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴም ለተማሪዎቼም የምጠቀምበት መፈተኛ አለኝ። ያዙልኝ። አሉታ ስትተረጉሙ ከፊቱ «ገና»ን አስገቡና ስሙት። «ገና አልመጣም» ብላችሁ ትርጉሙ ካልተበላሸ «ሀዝንት» ነው። «ገና» እምቢ ካለና «ያኔ» ወይም «በዚያን ቀን» ከተስማማው «ዲደንት» ነው። «በስብሰባው ዕለት አልመጣም»፤ «ገና» አይገባም፤ «ዲደንት»። «ደብዳቤው አልደረሰኝም፤ እየጠበቅኩ ነው»፤ «ገና» ይገባል፤ «ሀዝንት»። ተርጓሚዎች፣ በተለይ እናንተ፣ እባካችሁ ይህችን «ገና» ፈልጓት! ተናጋሪው ባይላትም ፈልጓት።

ከአሉታ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። «የ» ያለበት ሐረግ ውስጥም ልዩነቱ ይጠፋል። ጲላጦስ በዮሐንስ ወንጌል 19፥22 ላይ «የጻፍሁትን ጽፌአለሁ» ይላል። እዩት፤ መጀመሪያ «ጻፍሁ»፣ ቀጥሎ «ጽፌአለሁ»። «የ» ያለችበት ቦታ «አለሁ»ን አታስገባም። እንግሊዝኛው ግን በሁለቱም ቦታ «ሀቭ ሪትን» ነው የሚለው። ስለዚህ «ያነበብኩት መጽሐፍ» የሚል ስታገኙ «ዘ ቡክ አይ ሬድ» ይሁን «ዘ ቡክ አይ ሀቭ ሬድ» ቃሉ ራሱ አይነግራችሁም፤ ከዙሪያው ነው የምታገኙት።

በአንጻሩ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ግልጽ የሚሆንበትም ቦታ አለ፤ እሱንም ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። «ለንደን ሄዷል» እና «ለንደን ሄዶ ያውቃል»። እንዴት ያምራል! በሕይወቱ የገጠመውን ነገር እኛ «ያውቃል» እንለዋለን፤ ልምድ እውቀት ሆኖ ሰውየው ላይ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ይህን የሚለየው «ሀዝ ጎን» እና «ሀዝ ቢን» በማለት ነው። የመጀመሪያው ሄዶ አልተመለሰም፤ ሁለተኛው ሄዶ ተመልሷል። እንደ «ሄደህ ታውቃለህ?» ያለ ጥያቄ ስትጠይቁ «ሀቭ ዩ ኤቨር» ብላችሁ ጀምሩ፤ አትሳሳቱም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ብዬ መድረኩን እለቃለሁ።

«ሀቭ» ሕያው ሰው ይፈልጋል። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1616 ሞተ። ዛሬ ስለ እሱ «ሼክስፒር ሀዝ ሪትን» ብሎ ተውኔቶቹን መዘርዘር ለእንግሊዝኛ ጆሮ ይከብዳል፤ «ሮት» ነው የሚባለው። በሕይወት ላለ ደራሲ ግን «ሀዝ ሪትን» ይባላል፤ ነገ ሌላ ሊጽፍ ይችላልና። አማርኛ እንዲህ አይለይም። ስለ ሟችም «ብዙ ጽፈዋል፣ ብዙ ሠርተዋል» እንላለን።

አባቴ መምህር ነበሩ። ያረፉ ሰሞን፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ለሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ እሳቸው አጭር ጽሑፍ ጽፌ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። «ማይ ፋዘር ሀዝ ቶት ፎር ፎርቲ ይርስ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ይህን ሕግ ያኔም አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ አስተምረዋለሁ። ባልደረባዬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ሌላውን ሁሉ ትቶ «ሀዝ» የምትለዋን ብቻ በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ ሰርዟት ነበር። «ሂ ቶት»። አባቴ መሞታቸውን ቀብር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ግን በዚያች ስርዝ ላይ ያየሁት ሌላ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ወረድ ብሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ሜኒ ኦፍ ሂዝ ስቱደንትስ ሀቭ ቢካም ቲቸርስ»፤ ካስተማሯቸው ልጆች ብዙዎቹ መምህራን ሆነዋል። ባልደረባዬ ያንን «ሀቭ» አልነካውም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ በኩል ካላችሁት እጀምራለሁ።